ባለ100 ቤቱ ዳማ

ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ካራ
ትልቁ የዳማ ሰሌዳ ዛሬ ተጠናቀቀ። ኮምፔርሳቶ ነው፤ 10 በ10 ተከፍሎ 100 ቤት ወጣው፤ የምንጫወተው ግን በጥቁሮቹ 50 ቤቶች ላይ ብቻ ነው። ቆርኪውን የታክሲ ተራው ልጆች ከየግሮሰሪው ለቅመው አመጡ። ለአንድ ሰው 20፣ ለሁለት 40 ያስፈልጋል፤ አንዱ በፊቱ፣ ሌላው በጀርባው ገልብጦ ይደረድራል። እዚህ ወደ መገናኛ ለመጫን ተራ የሚጠብቁ ሾፌሮች የለመዱት ባለ64 ቤቱን፣ በየወገኑ 12 ቆርኪ የሚሰለፍበትን ነው። አንድ ሽማግሌ ሾፌር አዲሱን ሰሌዳ አይተው፣ "ይሄማ የኳስ ሜዳ ነው!" አሉ። ረዳታቸው ግን፣ "ጋሼ፣ እስቲ እንሞክረው" ብሎ መደርደር ጀመረ።

ጥቅምት 24
ያከራከረን የአበላሉ ሕግ ነው። በሰፈር ዳማ አንዱ ወደ ኋላ መብላትን ይፈቅዳል፣ ሌላው ይከለክላል፤ ጨዋታው ሳይጀመር ሕጉን መነጋገር የተለመደ ነው። በዓለም አቀፉ ባለ100 ቤት ዳማ ግን ሕጉ አንድ ነው። መብላት ግዴታ ነው፤ ከአንድ በላይ የአበላል መንገድ ካለ ደግሞ ብዙ የሚበላበትን መያዝም ግዴታ ነው። ያልነገሠ ቆርኪ ወደፊት ብቻ ይራመዳል፤ ሲበላ ግን ወደ ኋላም ይበላል። እየበላ የመጨረሻውን መስመር ነክቶ ከተመለሰ አይነግሥም፤ የሚነግሠው እዚያው ሲቆም ነው። ንጉሥ መንገዱ ክፍት እስከሆነ ድረስ በሰያፍ የፈለገውን ያህል ይሄዳል። የተበሉት ቆርኪዎች የሚነሡት አበላሉ ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ከቦታቸው ስለማይነቃነቁ፣ አንዱን ሁለቴ መዝለል ስለማይቻልም፣ ንጉሡ ራሱ በበላቸው ቆርኪዎች መንገዱ ይዘጋበታል።

የጨዋታው ውበት ያለው በዚህ የመብላት ግዴታ ውስጥ ነው። ሁለት ሰጥተህ ባላጋራህን ወደምትፈልገው ቤት ትጎትተዋለህ፤ እምቢ ማለት አይችልም፤ ከዚያ አራት ባንዴ ታነሣለህ። ካራ ላይ ሰጥቶ መብላትን የማያውቅ የለም። በትልቁ ሰሌዳ ግን ወጥመዱ ከብዙ እርምጃ በፊት ይጠመዳል፤ ቶሎ ቶሎ የሚጫወት ሰው ሳያየው ይገባበታል።

ኅዳር 8
ጥቁር ቤቶቹን ከ1 እስከ 50 ቁጥር ጻፍንባቸው። ጥቁሩ ከ1 እስከ 20፣ ነጩ ከ31 እስከ 50 ይሰለፋል፤ ከ21 እስከ 30 ያለው ባዶ ነው። የሚጀምረው ነጭ ነው። አሁን "32-28" ተብሎ ሲጻፍ የትኛው ቆርኪ ወዴት እንደሄደ ማንም ያውቃል።

በእኔ እምነት ከሰሌዳው ስፋት ይልቅ ትልቁ ለውጥ ይህ ቁጥር ነው። ከጨዋታ በኋላ "እዚህ ጋ ባትሰጠኝ ኖሮ" የሚል ክርክር ይነሣል፣ ማስረጃ የለም፣ በነጋታው ይረሳል። አንድ ሊስትሮ ልጅ የተሸነፈበትን ጨዋታ በደብተሩ መዝግቦ ነበር፤ ማታ ከመጀመሪያው አንሥተን ደገምነው። መጨረሻ ላይ የተበሉበት ሦስቱ ቆርኪዎች ናቸው ያስሸነፉኝ ብሎ ያስብ ነበር። ጥፋቱ የመጣው ግን ገና በመሃል ሳለ ነው፤ እንዳይበሉበት ብሎ ቆርኪዎቹን ወደ ዳር ሰብስቧቸዋል። ዳር ያለ ቆርኪ አይበላም፤ የሚሄድበት መንገድም አንድ ብቻ ነው። መሃሉን ለባላጋራው ለቀቀለት። ልጁ ይህን ሲያይ ዝም አላለም፤ "ጋሼ፣ ይህንን አሁኑኑ እንደገና እንጫወተው!" አለ።

ኅዳር 29
ዛሬ ብርዱ ስለበረታ ጨዋታው ሻይ ቤት ውስጥ ሆነ። ስለ ሴኔጋላዊው ባባ ሲ አወራኋቸው። እ.ኤ.አ. በ1935 ተወልዶ በ1978 ያረፈ፣ በትልቁ ሰሌዳ ዓለምን ያስደነቀ ሰው ነው። ከሶቪየቱ ኢሰር ኩፐርማን ጋር ሊያደርገው የነበረው የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ ሳይካሄድ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1947 የተመሠረተው የዓለም ዳማ ፌዴሬሽን ሻምፒዮንነቱን ያጸደቀለት በ1986 ነው፤ ባባ ሲ በሕይወት አልነበረም። በምዕራብ አፍሪካ ባለ100 ቤቱ ዳማ የመንገድ ዳር ጨዋታ ነው፤ ባባ ሲም ከዚያ ነው የወጣው። ሽማግሌው ሾፌር ይህን ሲሰሙ፣ "እኛስ ምን ጎደለን?" አሉ። ከልባቸው ነበር የጠየቁት። የጎደለን ብዙ አይደለም።

ታኅሣሥ 20
የሰፈር ውድድር አደረግን። ማሸነፍ 2 ነጥብ፣ አቻ 1። ሰዓቱ በስልክ ተያዘ። አንድ ጨዋታ መጨረሻው ላይ ሦስት ንጉሥ ለአንድ ሆነ፤ ተመልካቹ በሙሉ አለቀለት ብሎ ነበር። ብቻውን የቀረው ንጉሥ ከ46 እስከ 5 ያለውን ረጅሙን መንገድ ይዞ አልለቅም አለ። ሕጉ በእንዲህ ያለ ጊዜ ለእያንዳንዳቸው 16 እርምጃ ይሰጣል፤ በዚያ ካልተሸነፈ አቻ ነው። እርምጃውን የሚቆጥረው ያው ባለ ደብተሩ ሊስትሮ ነበር፤ 16 ሞላ፣ እጅ ተጨባበጡ። ባይጻፍ ኖሮ ይህ ጨዋታ በጠብ ያልቅ ነበር።

ጥር 18
ዳማ በኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) የሠራተኞች ስፖርት ውድድር ከቼዝ፣ ከዳርትና ከገመድ ጉተታ ጋር የሚካሄድ ዘርፍ ነው፤ ስለዚህ ውድድሩ አገር ውስጥ እንግዳ አይደለም። ትልቁን ሰሌዳ የምመርጥበት ምክንያት ግን አለኝ። የባለ64 ቤቱ የእንግሊዞች ዳማ ሁለቱም ወገን ሳይሳሳቱ ከተጫወቱት አቻ እንደሚያልቅ የካናዳ ተመራማሪዎች በኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ2007 አረጋግጠዋል። ባለ100 ቤቱ ግን እስካሁን አልተፈታም። ለልጅ አእምሮ ከዚህ የተሻለ ሜዳ አላውቅም፤ ወጪው ደግሞ አንድ ኮምፔርሳቶና 40 ቆርኪ ነው።

በየሰፈራችሁ ዳማ የምትጫወቱ ሁሉ፣ ሰሌዳችሁ ላይ ቁጥር ጻፉበት፤ ጨዋታችሁንም በደብተር መዝግቡ። የወጣት ማዕከላትና ትምህርት ቤቶች ደግሞ ለልጆቹ አንድ አንድ ትልቅ ሰሌዳ አስቀምጡላቸው።