በሌሊት የምትጮኸው የፕሪንሲፔ ጉጉት

አንባቢ ሆይ፤ የዓለምን ካርታ ዘርግተው ጣትዎን በአፍሪካ ምዕራብ ጠረፍ ወደ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ቢያወርዱ፥ ከምድር ወገብ ጥቂት ወደ ሰሜን አንዲት ነጥብ ያገኛሉ። ፕሪንሲፔ የምትባለው ደሴት ይህች ናት። ስፋቷ 140 ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ፖርቱጋሎች ካካዎ ያስተክሉባት ነበር፤ በ1919 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዛዊው ኤዲንግተን የፀሐይን ግርዶሽ ፎቶግራፍ አንሥቶ የአይንስታይንን ሐሳብ የፈተነው በዚህችው ደሴት ነው። ሊቃውንት ሰማዩን ለማየት እስከዚህ ሲመጡ፥ በደኑ ያለችውን ጉጉት ግን ሳይንስ ገና አላወቃትም ነበር።

የአገሬው ሰዎችስ ያውቋት ነበር። ስለ እርሷ የሚነገረው ወሬ እስከ 1928 ወደ ኋላ ይሄዳል። ካዩዋት አንዱ ሴሲሊያኖ ዶ ቦም ጄዙስ፥ በቅጽል ስሙ ቢኬዢላ ነው። ይህ ሰው ቀድሞ ረጃጅም ዛፎች ላይ እየወጣ የግራጫ በቀቀን ጫጩት ከሽንቁሩ እያወረደ ይተዳደር ነበር። አንድ ቀን ታዲያ ከሽንቁር ውስጥ በቀቀን ሳይሆን ዓይኗ ትልልቅ የሆነ ወፍ ትመለከተዋለች! ይህንንም በ1998 ለወፍ ተመራማሪዎች ነገራቸው። ከዚያ 18 ዓመት ሙሉ ተፈልጋ በ2016 ተገኘች፤ በ2022 ደግሞ ኦቱስ ቢኬዢላ የሚል የሳይንስ ስም ወጣላት። ለእኔ ከግኝቱ ሁሉ የሚያስደስተኝ ይህ ስም ነው፤ ዛፍ ወጪው ሰውዬ በኋላ የፓርክ ጠባቂ ሆኖ፥ ከተመራማሪዎቹ ጋር ጫካ ለጫካ ሲንከራተት ኖሯልና።

ተመራማሪዎቹ ድምፅ መቅጃ መሣሪያ በደሴቲቱ ሁሉ እያኖሩ ቢያደምጡ፥ ጉጉቲቱ የተሰማችው በደቡብ በኩል፥ ሰው በማይኖርበት ጥንታዊ ደን ውስጥ ብቻ ሆነ። አገሯ 15 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ቍጥሯም ከ1,000 እስከ 1,500 ቢገመት ነው። ሌላ መሄጃ የላትም። ቦታው በኦቦ የተፈጥሮ ፓርክ ክልል ውስጥ መሆኑ ደግ ነገር ነው፤ ነገር ግን ስሟ በወጣበት ጊዜ፥ ወፏ ከምትገኝበት ሥፍራ ከፊሉን የሚነካ ትንሽ የኤሌክትሪክ ግድብ ታስቦ ስለ ነበር ሊቃውንቱ ሥጋታቸውን ገልጸዋል። መብራትም ለደሴቲቱ ሰው ያስፈልገዋል፤ ክርክሩ ቀላል አይደለም።

ምናልባት እግር ጥሎዎት ከዚያ ደን ቢደርሱ፥ ገና ዓይን ለዓይን እንዳስያዘ ጆሮዎን ያቁሙ። «ቱ፥ ቱ፥ ቱ» የሚል አጭር ድምፅ በየሴኮንዱ ይሰማል። ነፍሳት ነው ብለው አይለፉት። ጥቂት ቢታገሡ ሁለተኛይቱ ከማዶ ትቀበላታለች።