«ይበሰብሳል» ሲባል የት? በስንት ጊዜ?



ዋጃ ላይ ላደግን ልጆች የፌስታል ጉዳይ የከብት ጉዳይ ነው። ገበያ በዋለ ማግስት ነፋሱ ፌስታሉን ወደ ማሽላው ማሳ ይነዳዋል። አገዳው ከተነሣ በኋላ የሚሰማሩት ላሞችና ፍየሎች ከቃርሚያው ጋር ይውጡታል። ሆዱ ውስጥ የተጠራቀመበት ከብት እየበላ ይከሳል።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ፌስታል የሚበሰብስ መሆን አለመሆኑ እንዲጻፍበት ይል ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጸደቀ። እንግዲህ «ይበሰብሳል» የተባለ ምትክ ሲቀርብልን ሁለት ቃላት እንለይ።

«በተፈጥሮ የሚበሰብስ» ማለት ረቂቅ ተሕዋስያን ሊበሉት ይችላሉ ማለት ነው፤ ቃሉ ብቻውን ቦታውንም ጊዜውንም አይናገርም። «ኮምፖስት የሚሆን» ግን መለኪያ አለው። በአውሮፓው ኢኤን 13432 መስፈርት በ12 ሳምንት መበጣጠስ፣ በ6 ወር ቢያንስ 90 በመቶው መበስበስ፣ አፈሩንም አለመበከል አለበት። ይህ ሁሉ የሚጠበቀው ግን 60 ዲግሪ ገደማ ሙቀትና በቂ እርጥበት ባለው የኮምፖስት ማምረቻ ውስጥ ነው። የራያ ቆላ ፀሐይ የቱንም ያህል ብትከር ደረቅ ማሳን ማምረቻ አታደርገውም፤ የላም ሆድም ማምረቻ አይደለም።

ስለዚህ ለጀመዓው ኢፍጣር ማሸጊያ የምትገዙ ሻጩን ጠይቁት፦ የት ይበሰብሳል? በስንት ጊዜ? ምን ይቀራል? መልስ ካጣ ታጥቦ የሚመለስ ሳህን ይሻለናል።