ዓሣ በሽማግሌ አይታረቅም

አኳሪየም መንፈስ ያድሳል ይባላል፤ ሥላሴ ያለው ቤታችን የሚመጣ እንግዳም ይህንኑ ይላል። ልጄ ግን ጥግ ተይዞ ክንፉ የተነጨውን ትንሹን ዓሣ እያየች «ለምን አይታረቁም?» ትለኛለች።

እርስዎም ቤት እንዲህ ካጋጠመ አጥቂውን ክፉ አይበሉት። የእኛው አጥቂ ሲክሊድ ነው፤ የሐዋሳው ቆሮሶ ዘመድ። ወንዱ ቆሮሶ በመራቢያው ጊዜ አሸዋ ቆፍሮ ጎጆ ያበጃል፤ የቀረበውን ሁሉ ያባርራል። ሐይቅ ሰፊ ስለሆነ የተባረረው ዋኝቶ ይርቃል። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ግን መሄጃ የለውም።

ስለዚህ መደበቂያ ድንጋይና ተክል ይጨምሩ። የነበሩትንም ቦታ ያቀያይሩ፤ ባለድንበሩ ድንበሩ ይጠፋበታል። ጥቃቱ ካልቆመ ሳይውሉ ሳያድሩ ይለያዩዋቸው። የተቀደደ ክንፍ መልሶ ይበቅላል፤ ፈርቶ መብላት ያቆመ ዓሣ ግን ብዙ አይቆይም።