ስቴት መቀየር

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲቃረብ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ የሐበሻ ቤቶች ውስጥ አንድ ወሬ ይበረታል። «እነ እገሌ ስቴት ሊቀይሩ ነው» ይባላል። ዳላስ፣ አትላንታ፣ ሻርሎት፤ የከተማው ስም ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል እንጂ ወሬው አይቋረጥም። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይነሣል፣ የልጆች ኳስ ልምምድ እስኪያልቅ ሜዳው ዳር ይነሣል፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይነሣል። ከዚያ አንድ ቀን የጭነት መኪናው ሕንፃው ሥር ይቆማል። አልጋውና ሶፋው ይጫናል። ምጣዱ ግን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በቤት መኪና፣ በልጆቹ መሀል ይሄዳል። ስንት ቤተሰብ እንዲህ ሸኝተናል።

እኛም ቤት ጉዳዩ ከገባ ሰንበትበት ብሏል። ባለቤቴ ኡበር ሲነዳ ውሎ፣ አንዳንዴም አድሮ ይገባና እራት ላይ ሂሳቡን ይዘረጋዋል። ሂሳቡ እውነት ነው። እንደኛ ያለ ቤተሰብ ከገቢው አብዛኛው ላይ ለሜሪላንድ 4.75 በመቶ ይከፍላል፤ በሞንጎመሪ ካውንቲ ስለሚኖር ደግሞ ሌላ 3.2 በመቶ ይጨመርበታል። ሁለቱ ተደምረው 8 በመቶ ሊሞሉ ምንም አልቀራቸው። ቴክሳስ ከደመወዝ ላይ የስቴት ታክስ አይቆርጥም፤ በ2019 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ በስቴቱ ሕገ መንግሥት ጭምር ከልክሎታል። እዚህ አሮጌ ታውን ሃውስ በሚገዛበት ገንዘብ እዚያ አዲስ ባለ አራት መኝታ ቤት ከነጓሮው ይገኛል።

ሂሳብ ከተባለ ግን ሁሉም ይቆጠር እላለሁ። ቴክሳስ ከደመወዝ ያልወሰደውን ከቤት ይወስዳል። በዳላስ ዙሪያ ባሉ ብዙ ከተሞች የቤት ታክስ ከቤቱ ዋጋ 2 በመቶ አካባቢ ነው፤ 400 ሺህ ዶላር በሚያወጣ ቤት ላይ ቅናሹ ሳይታሰብ በዓመት ወደ 8 ሺህ ዶላር ይመጣል። ሞርጌጁ ተከፍሎ ቢያልቅ እንኳ ይህ አያልቅም። በ2010 በወጣው የጤና ሕግ መሠረት ሜሪላንድ ሜዲኬይድን ገቢያቸው ዝቅ ላለ ጎልማሶች ከ2014 ጀምሮ አስፍታለች፤ ቴክሳስ አላሰፋችም። ከአሠሪ ኢንሹራንስ ለማያገኝ ሹፌር፣ ሥራው በቀዘቀዘበት ዓመት፣ ይህ ሐኪም ዘንድ የመሄድና ያለመሄድ ጉዳይ ነው። የየካቲት 2021ን ውርጭም አልረሳሁትም፤ በቴክሳስ ከ4 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ መብራት ጠፍቶበት ነበር፣ ስቴቱ ራሱ በቆጠረው ብቻ 246 ሰው ሞተ። ከሟቾቹ መካከል የእኛም ሰዎች ነበሩበት።

በሌላ በኩል ደግሞ እዚያ ሄደው ደልቷቸው የሚኖሩትን አውቃለሁ። አንዷ ወዳጄ ከአምስት ሰው ጋር በሁለት መኝታ ኮንዶ ታንቃ ኖራ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ቤት ገዛች። እናቷ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ጓሮ ይወርዳሉ፤ ጎመን፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም ተክለዋል። በቪዲዮ ስታሳየኝ እግራቸው አፈር ላይ ነበር። እዚህ በነበሩበት ጊዜ ሁሉ ከምንጣፍና ከሲሚንቶ ሌላ ረግጠው አያውቁም። ሐበሻ ደግሞ ቴክሳስን ዛሬ አይደለም ያገኘው፤ በየዓመቱ ከተማ እየቀያየረ የሚሰበስበን የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን እንኳ በ1984 የተመሠረተው ሂዩስተን ነው። ስለዚህ የሄደውን ሰው ተሳስተሃል ለማለት አፌን አልከፍትም።

የአሜሪካ ሕግም መሄድን አቅልሎታል። በ1868 የጸደቀው የሕገ መንግሥቱ 14ኛው ማሻሻያ ዜጋ የሆነ ሰው ሁሉ የሚኖርበት ስቴት ዜጋ ነው ይላል። መኖር ብቻ ይበቃል፤ ማንም የትውልድ መንደርህን አይጠይቅም። ይህ መብት በቀላሉ የጸና አይመስለኝም። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ኤድዋርድስ የሚባል ሰው ሥራ ያጣውን የሚስቱን ወንድም ከቴክሳስ በመኪናው ጭኖ ካሊፎርኒያ ስላመጣው ተከሶ ተፈርዶበት ነበር፤ ድሃ ወደ ስቴቱ ማስገባት ወንጀል ነበርና። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያን ሕግ የሻረው በ1941 ነው። ይህን ታሪክ ሳነብ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የሚስት ወንድም አምጥቶ ሳሎን ያላስተኛ ሐበሻ የት አለ?

እኔን የሚይዘኝ ወረቀት ላይ የማይሰፍረው ነው። እናቴ ደሴ ስታርፍ ወረቀቴ ገና በመታየት ላይ ስለነበረ ሄጄ ልቀብራት አልቻልኩም። የሰማሁት እዚሁ ነው። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ በር ተንኳኳ፤ ስከፍት ኮሪደሩን ሰው ሞልቶታል። ከፊት ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከኋላቸው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ከሁሉም ኋላ በሁለት እጁ ብረት ድስት የያዘ ጎረምሳ። አንዷ ምንም ሳትናገር አልፋኝ ገባችና ስልኬን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ፌስቡክ ቀድሞ እንዳይነግረኝ ነው። ሌሊቱን ተደዋውለው ፈረቃ ተቀያይረዋል። ለሥራ አለቃዬ ደውለው ሳምንቱን አስፈቅደውልኛል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማን አጠገቤ ቢቀመጥ እንደምረጋ ያውቁ ነበር፤ እሷ ነበረች ትከሻዬን የያዘችኝ። ድስቱ ውስጥ የነበረው ንፍሮ ነው፤ ገና ይተናል። ሽማግሌው «ልጄ፣ እግዜር ያጽናሽ» ሲሉ ነገሩ ገባኝ።

ዳላስም እድር አለ፤ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ደግ ሰው አለ። ነገር ግን ሰው የእናትህን ስም ለማወቅ፣ ሌሊት የት እንደምትሠራ ለማወቅ፣ ስትጮህ ማንን እንደምትፈልግ ለማወቅ ስንት ዓመት ይፈጅበታል? እነዚያ ሰዎች ይህን ሁሉ ያወቁት ክርስትና ሲያነሡ፣ ሠርግ ሲያበስሉ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ሲቀበሉ፣ ሲጣሉና ሲታረቁ ኖረው ነው። ባለቤቴ ሠንጠረዡ ላይ ይህን የሚያስገባበት ቦታ የለውም፤ እኔም ዋጋውን ንገሪ ብባል አልናገርም።

ከዚያ ለቅሶ ጀምሮ የማስበው አንድ ነገር አለ። እኔ ከአገር ስወጣ ሰው ሁሉ የቆጠረው የእኔን መከራ ነው፤ ብርዱን፣ ቋንቋውን፣ የሌሊት ሥራውን። እኔ ግን በመጨረሻ ሥራ አገኘሁ፣ ቤተሰብ መሠረትኩ፣ ሰው አፈራሁ። እናቴ በምትኩ ምን አገኘች? የምልክላትን ገንዘብና በየበዓሉ ሞሰቡ ዙሪያ የጎደለውን ቦታ። ደውዬ «እንዴት ነሽ» ስላት «እኔ ደህና ነኝ፣ አንቺ ብቻ ደህና ሁኚ» ትለኝ ነበር፤ ስልኩን ስትዘጋ የምታለቅሰውን የነገረችኝ እኅቴ ናት። የመሄዴን ዋጋ የከፈለችው እሷ ናት። ስትከፍል ደግሞ ማንም አላማከራትም። ዛሬ ስቴት እንቀይር ስንል ጠረጴዛው ዙሪያ የምንቀመጠው ባለቤቴና እኔ ብቻ ነን፤ እኔ ግን ከፋዩ ማን ነው ብዬ ሳልጠይቅ እሺ ማለት አልችልም።

ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት አሉ፤ የልጅ ልጆች ለማሳደግ መጥተው ልጆቹ አድገው የወጡባቸው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምናደርሳቸው እኛ ነን፤ ከሐኪም ቤት የሚመጣላቸውን ደብዳቤ የሚያነብላቸው ታላቁ ልጄ ነው። ሊሄዱ ነው የሚለውን ወሬ የሆነ ሰው ነግሯቸው ኖሮ ባለፈው ሰንበት መኪና ውስጥ «ደግ ነው፣ ሰፊ ቤት ለልጆች ደግ ነው» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። እናቴ ስትናገር የሰማሁ መሰለኝ።

ልጄ ደግሞ ሜሪላንድ ተወልዶ ያደገ ነው። አልጋው ራስጌ የእኛ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሻርፕ አለ፤ ከጎኑ ቢጫና ጥቁር፣ ቀይና ነጭ የሆነው የሜሪላንድ ባንዲራ። ሁለቱን በአንድ ሚስማር ሰቅሏቸዋል። ትምህርት ሲከፈት አሥራ አንደኛ ክፍል ይገባል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከሌላ ስቴት የሚመጣን ተማሪ የስቴቱን ልጅ ከሚያስከፍለው ከሦስት እጥፍ በላይ ያስከፍላል፤ አሁን ብንሄድ በተወለደበት ስቴት የውጭ ሰው ይሆናል። ግን ገንዘቡን ትቼ እሱን ራሱን ጠየቅሁት። «እናንተ አገር መልቀቅ ታውቃላችሁ» አለኝ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፤ «እኔ ከየትም ሄጄ አላውቅም።» የተቆጣም ያኮረፈም አልነበረም። መንቀሳቀስ የለመደ ሰው ሌላውም እንደ እሱ የለመደ ይመስለዋል፤ ከስደተኛ ወላጅ ጋር የሚኖር ልጅ ይህን ይሸከማል።

ይኸው ልጅ ነው አንድ ጊዜ ወደ ምሥራቁ የሜሪላንድ ዳርቻ የወሰደን፤ ትምህርት ቤት ስለ ሃሪየት ተብማን ተምሮ ቦታውን ካላየሁ ብሎ። ቸርች ክሪክ በ2017 የተከፈተው የመታሰቢያ ማዕከል አለ። ዙሪያው ጠፍጣፋ ረግረግ ነው፣ ውኃና ረጅም ሣር፣ መደበቂያ የሌለው የሚመስል ምድር። ተብማን በዚያ አውራጃ በባርነት ተወልዳ በ1849 ወደ ፔንሲልቬንያ አመለጠች። የእሷን መውጣት ከእኛ የቤት ስፋት ጥያቄ ጋር ማወዳደር ነውር ነው፤ አላወዳድርም። እኔን ያስቆመኝ ከወጣች በኋላ ያደረገችው ነው። ነፃ ምድር ስትደርስ የሚቀበላት አንድም ሰው እንዳልነበረ፣ ቤቷ ወገኖቿ የቀሩበት ሜሪላንድ እንደነበረ ቆይታ ተናግራለች። ስለዚህ ሕይወቷን ለአደጋ አጋልጣ ወደ 13 ጊዜ ተመለሰች፣ ወደ 70 ሰው አወጣች፤ ያረጁ እናትና አባቷን በ1857 አወጣቻቸው። የቀሩትን ሳትቆጥር ነፃነቷን መቁጠር አልሆነላትም። ልጄ ጽሑፉን እያነበበ ሲያስረዳኝ ሊያሳየኝ የፈለገው የራሱን አገር ታሪክ ነበር፤ እኔ እንግዳው ነበርኩ፣ እሱ አስተናጋጁ።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና «መቅረትስ ከፋይ የለውም?» አለኝ። አለው። እሱ ነው። የዚህ ስቴት ኪራይና ታክስ የሚሞላው ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ከዲሲ ጭፈራ ቤት ሰካራም እየጫነ እስከ ንጋት ነድቶ ነው። ወገቡን ይዞ ከመኪና ሲወርድ በመስኮት አየዋለሁ። እኔ የምወዳቸውን ሰዎችና የልጄን ባንዲራ እያነሣሁ የእሱን ሌሊት ሳልቆጥር ብቀር፣ እናቴን እንዳልቆጠሯት ሰዎች ሆንኩ ማለት ነው። በዚያ ምሽት ስለ ቴክሳስ አላወራንም፤ ስለ ወገቡ ነው ያወራነው። እስከ ዛሬ ታክሱን እንጂ ወገቡን አንሥቶ እንደማያውቅ ያን ጊዜ አስተዋልኩ።

የተስማማንበት ይህ ነው። ልጁ አሥራ ሁለተኛን እስኪጨርስ አንሄድም። ባለቤቴ ሌሊት መንዳቱን ያቆማል፤ የጎደለውን ለመሙላት እኔ በአረጋውያን መንከባከቢያው የቅዳሜን ፈረቃ ጨምሬያለሁ። የማጠራቀሙ ነገር ይዘገያል፤ ቤት መግዛቱም እንዲሁ። ዳላስ ላለች አንዲት የቤት ኤጀንት ደውዬ ከሁለት ዓመት በኋላ ካሰብን እንነጋገራለን አልኳት። ታናሿ ልጄ በዚያን ጊዜ ሰባተኛ ክፍል ትጨርሳለች። ጓሮ ያለው ቤት ትፈልጋለች፣ ውሻም ማሳደግ ትፈልጋለች፣ ለወንድሟ ባንዲራም ያን ያህል ግድ የላትም። ያን ጊዜ እሷም ጠረጴዛው ዙሪያ ትቀመጣለች።