ተርሚኔተር፣ ከሁለተኛው በኋላ

ትናንት ማታ አማኑኤል አካባቢ፣ እህቴ ቤት፣ ልጇ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን «ተርሚኔተር፦ ዳርክ ፌት» ስልኩ ላይ ከፍቶ «ጋሼ፣ አርኖልድ መጣ!» አለኝ።

አብረን አየነው። ሊንዳ ሃሚልተን ሳራ ኮነርን ሆና ስትመለስ በጣም ደስ አለኝ።

ግን ፊልሙ ገና ሲጀምር ልጇን ጆን ኮነርን ይገድለዋል! በ1991ዱ ሁለተኛ ክፍል ያን ልጅ ለማዳን ስንት ተለፋ? አርኖልድ የሚጫወተው ማሽን የቀለጠ ብረት ውስጥ የገባው ለምን ነበር? ይህን ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ጄምስ ካሜሮን በ1984ቱ ፊልም ገዳይ የነበረውን ማሽን በሁለተኛው ጠባቂ አደረገው። ታሪኩ ያደገው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት አራቱ ሩጫና ፍንዳታ ጨመሩ እንጂ እንዲህ ያለ ሐሳብ አላመጡም።

የእህቴ ልጅ ግን «ዳርክ ፌት»ን ወዶታል፤ የቀደሙትን አላያቸውም።

እናንተስ፣ ሁለተኛውን የሚስተካከል አለ ትላላችሁ? ለእሱስ ከየትኛው ላስጀምርለት?