ዳንቴል የለበሰው ሳጥን

አዲስ አበባ ውስጥ ቀና ብሎ ለሚሄድ ሰው ካሜራ አይጠፋም። ከብረት በሩ በላይ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ ተሰቅሎ ያያል። የሚቀዳውን ዲቪአር ግን ልብ የሚለው የለም። ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ሥር ወይም ቡፌው ላይ፣ አቧራ እንዳይነካው ተብሎ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል። ዳንቴሉ ያምራል፤ ግን በዲቪአሩ ሆድ ያለው ሃርድ ዲስክ ቀንም ሌሊትም ስለሚሽከረከር ሳጥኑ ይሞቃል፣ መተንፈሻ ቀዳዳዎቹም መሸፈን የለባቸውም። ጠልፈው ያለበሱት እናቶች አይቀየሙኝና፣ ዳንቴሉ ይነሣ እላለሁ።

ዲቪአሩ ከቤቱ ኔትወርክ ጋር እስኪገናኝ ድረስ ያየውን የሚያሳየው እዚያው ለተሰካበት ስክሪን ብቻ ነው። ዲስኩ ሲሞላ የቆየውን እያጠፋ አዲሱን ይጽፋል፤ ዞር ብሎ የሚያየው ካልተገኘ የሳምንቱ ወሬ በሙሉ ማንም ሳይሰማው ያልፋል። ከራውተሩ ጋር የሚያገናኘው አንድ ገመድ ነው። እኔ ቴክኒሻን ይህን ገመድ ሲያዘጋጅ ማየት ደስ ይለኛል። ልጡን ሲገፈው ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ይወጣሉ። በጣቱ ያቃናቸውና በየቀለማቸው ይደረድራቸዋል፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ሁለቱን አረንጓዴዎች ያየ ሰው ሰማያዊዎቹ ለምን መሀላቸው እንደገቡ ሊገርመው ይችላል። «ሁለቱ ጫፎች አንድ ዓይነት እስከሆኑ ድረስ ቅደም ተከተሉ ምን ያደርጋል?» የሚልም አለ። ያደርጋል እንጂ። መሣሪያው ሽቦዎቹን የሚጠቀምባቸው በጥንድ ነው፤ የሚጠማዘዙትም አንዱ ጥንድ የሌላውን ምልክት እንዳይረብሽ ነው። በዘፈቀደ ከተደረደሩ የመሞከሪያው መብራት ይበራል፣ ባለቤቱም ከፍሎ ይሸኛል፤ ገመዱ ረዘም ያለ ከሆነ ግን ምስሉ ይንቀረፈፋል፣ ይቆራረጣልም። ደንቡን ጠብቆ የተሠራ ገመድ እስከ 100 ሜትር ያደርሳል። ለዚህ የሚጠነቀቅ ቴክኒሻን ያገኘ ሰው ስልክ ቁጥሩን አይጣል።

ገመዱ ሲሰካ ትንሿ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ትጀምራለች፣ ራውተሩም ለሳጥኑ አድራሻ ይሰጠዋል። በ192.168 የሚጀምረው ይህ ቁጥር የሚሠራው እቤት ውስጥ ብቻ ነው፤ ጎረቤትም ቤት አንድ ዓይነቱ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ቨርጂኒያ ያለች ልጅ ይህን ቁጥር ስልኳ ላይ ብትጽፍ የእናቷን በር አታገኝም። ድሮ መፍትሔው ራውተሩ ላይ ከውጭ የሚያስገባ በር መክፈት ነበር። አሁን በብዛት የሚሠራበት ዲቪአሩ ራሱ ወደ አምራቹ ሰርቨር እንዲደውል ማድረግ ነው፤ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ኪውአር ኮድ በስልክ ማንሣት ይበቃል። ሁለተኛው መንገድ ይሻላል፤ የራውተሩን በር ለአላፊ አግዳሚው ክፍት አይተውምና።

ኔትወርኩ የሚያመጣው፣ ብዙም የማይወራለት ጥቅም ደግሞ ሰዓት ነው። ብዙዎቹ ዲቪአሮች ቻይና ስለሚመረቱ ከካርቶናቸው በቤጂንግ ሰዓት የሚወጡ አሉ፤ ቤጂንግ ከእኛ አምስት ሰዓት ትቀድማለች። በዚያ ላይ የእኛና የፈረንጁ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ይለያያል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጎማ ተሰረቀ እንበል። በፈረንጁ 3 ሰዓት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ስክሪኑ ላይ 03:00 የሚለውን ይፈልጋል። ያልተስተካከለው ሳጥን ግን እዚያ ላይ የሚያሳየው የዋዜማውን ምሽት 4 ሰዓት ነው፤ ጎማው በቦታው አለ፣ እንግዶችም እየተሰናበቱ ነው። ሌባው ያለው 08:00 ላይ ነው፤ እዚያ ማን ይፈልገዋል? መብራት በተመላለሰበት ቤት፣ ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪም ካለቀች፣ ሳጥኑ በፈረንጁ አቆጣጠር ወደ 2000 ዓመት ተመልሶ የሚያርፍበት ጊዜ አለ። ኔትወርክ ላይ ያለ ዲቪአር ሰዓቱን ከኢንተርኔት መውሰድ ይችላል፤ የሰዓት ክልሉን አንድ ጊዜ GMT+3 ላይ ማድረግ ግን ከእኛ ይጠበቃል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው ግን እናቶች ከካሜራው ጋር የፈጠሩት ወዳጅነት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም የምትወጣ እናት፣ በሩ ላይ ቆም ትልና ወደ ካሜራው እጇን ታውለበልባለች። እዚያ አሜሪካ እኩለ ሌሊት ገደማ ነው፤ ከሥራ የገባችው ልጅ አልጋዋ ላይ ሆና ታያታለች። ወዲያው ስልኩ ይጮኻል፦ «እማዬ፣ ብርድ ነው፣ ጋቢ ደርቢ እንጂ!» ይህን ያህል ዘመን ተለያይቶ ለኖረ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እዚያው ግቢ ውስጥ እጇን የማታውለበልብ ሌላ ሰው አለች፤ የቤት ሠራተኛዋ። ኩሽና ውስጥ ካሜራ ተሰቅሎ ባሕር ማዶ ያለ ሰው ሲያያት እንደሚውል የነገራት የለም። የግቢ በር መጠበቅ ተገቢ ነው። ሰው የሚያርፍበትንና ልብስ የሚቀይርበትን ቦታ መቅረጽ ግን ነውር ነው፤ በሌላውም ቦታ ቢሆን ካሜራ መኖሩን ለሚታየው ሰው መንገር ግዴታችን ነው።

ሌላም የሚያይ ሊኖር ይችላል። ጥቅምት 11 ቀን 2009 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ትልልቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት ሲቋረጡ፣ የድረ ገጾቹን አድራሻ የሚመራላቸውን ዳይን የተባለ ኩባንያ በጥያቄ ጎርፍ ካጥለቀለቁት መሣሪያዎች መሀል በየሰው ቤት የተቀመጡ ዲቪአሮችና ካሜራዎች ነበሩ። ሚራይ የተባለው ፕሮግራም የገባባቸው ረቂቅ ጥበብ ተጠቅሞ አልነበረም፤ ከፋብሪካ ይዘዋቸው የወጡትንና ማንም ያልቀየራቸውን 60 ያህል የስምና የፓስወርድ ጥምረቶች እየሞከረ ነው። ባለቤቶቹ ሳጥናቸው ሌላ ጌታ ማግኘቱን አያውቁም ነበር።

የእኛም ቤቶች ከዚህ አያመልጡም። ቴክኒሻኑ ለሙከራ ብሎ ፓስወርዱን 123456 ያደርጋል፣ በራሱም ስልክ ላይ ምስሉን ይከፍትና «ይኸው ይሠራል» ብሎ ያሳያል። ከዚያ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ምስሉ ግን ስልኩ ላይ ይቀራል። ሰውየው ታማኝ ሊሆን ይችላል፣ ስልኩ የጠፋ ዕለት ግን የማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። እባካችሁ፣ ዲቪአር ያላችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ ፓስወርዱን ቀይሩ፣ አዲሱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቆልፉበት። አፑንም ከፍታችሁ እነማን ተጋርተው እንደሚያዩ ተመልከቱና የማታውቁትን ስም ሰርዙ።