የአጎት ስም በዘማች መዝገብ

አያቴ ኮሪያ መዝመቱን በቤታችን የሚጠራጠር አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት ለኢትዮጵያ ወታደሮች በአማርኛ አስቀርጾ የሰጠው የኮሪያ ሜዳይ፣ ሰማያዊና ነጭ ጥብጣቡ እንደወየበ፣ በየዓመት በዓሉ ከሳጥን ይወጣና ለልጆች ይታያል። ነገሩ የተወሳሰበው የልጅ ልጁ ለኮሪያ ዘማቾች ቤተሰቦች በሚሰጠው የትምህርት ዕድል ለመወዳደር ማስረጃ ስትጠየቅ ነው። የአገልግሎት ወረቀቱ ሲወጣ የአባቱ ስም እኛ የምናውቀው አልሆነም። የልደት ዘመኑ 1922 ይላል፤ የቀበሌ መታወቂያው ደግሞ 1926። የትውልድ ቦታው «በጌምድር፣ ጋይንት» ተብሏል፤ እኛ የምናውቀው ስማዳን ነው።

«የሌላ ሰው ወረቀት ነው» ያለ ዘመድ አልጠፋም። አብዛኛው ግን ጸሐፊው ተሳስቷልና ይታረም አለ። እኔን ያሳሰበኝ የስሙ ጉዳይ ነበር። ወረቀቱ ግርጌ ላይ የአያቴ የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ ቀለሙ ደብዝዞም መስመሮቹ ይለያሉ። ሰው የገዛ አባቱን ስም ተጠይቆ ሌላ ስም ተናግሮ አሻራውን የሚያሳርፈው ለምንድን ነው?

ቦታው ብዙ አላደከመኝም። በንጉሡ ዘመን ስማዳ የሚተዳደረው በጋይንት አውራጃ ሥር ነበር፤ ጠቅላይ ግዛቱም በጌምድርና ስሜን ይባል ነበር። በደርግ ጊዜ ጎንደር ክፍለ ሀገር ሆነ፣ ዛሬ ደቡብ ጎንደር ዞን ነው።

የዘመቻው ታሪክም ገጠመ። ወረቀቱ የሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ ይለዋል። የመጀመሪያው ሻለቃ በኮሎኔል ተሾመ ይርጌቱ መሪነት በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ ወሩ ሳይወጣ ፑሳን ደረሰ። በ1944 የተካው ሁለተኛው በኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ ይመራ ነበር፤ አያቴም ስለ ኮሪያ በተናገረ ቁጥር የእኒህን አዛዥ ስም ሳያነሣ አያልፍም ነበር። ቃኘዎች ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው ሲዋጉ ከ120 በላይ ወገኖቻቸውን አጥተዋል፤ አንድም ሰው ግን አልተማረከባቸውም። ከታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት መክሸፍ በኋላ አያቴ ያገለግልበት የነበረው የክብር ዘበኛ ሲበተን ወረቀቱን ይዞ አገሩ ገባ። በኋላ የመጣው ደርግ የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ነበርና የደቡቡን ዘማች ማን አስታውሶ መዝገቡን ይይለት?

የአባትየው ስም ስላልተፈታልኝ ከደብረ ታቦር ተነሥቼ በእስቴ በኩል ወደ ስማዳ ወረድሁ። መካነ ኢየሱስ ላይ አድሬ በማግስቱ ወገዳ ደረስሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር መንገድ ነው። የምፈልጋቸው እማሆይ ከአያቴ ጋር አንድ ቤት ያደጉ የአጎቱ ልጅ ናቸው። ከደጃፋቸው ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ወረቀቱን አነበብሁላቸው፤ የአባት ስም ላይ ስደርስ እንዝርቱን አቆሙ።

«ይኼማ የኔ አባት ነው» አሉ።

«የእርስዎ አባት? እኛ የምናውቀው ሌላ ነው፣ እማሆይ።»

«እናንተ የምታውቁት ወላጁን ነው፣ ልጄ። እሱማ አንቺም ቀረ። ልጁ በሆድ ነበር፤ ክረምቱ ሳይወጣ ተወለደ። አባቴ አሳደገው፣ አባቴ ዳረው። ታዲያ በማን ስም ይጠራ?»

የአንቺም ጦርነት የተደረገው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ የማዕከላዊውን መንግሥት ጦር ገጥመው የወደቁት ያን ዕለት ነው። ከአውሮፕላን በራሪ ወረቀትና ቦምብ ሲወርድባቸው ከዋሉት የጋይንት ገበሬዎች አንዱ ቅድመ አያቴ ኖሯል። ልጁም የተወለደው ያው በ1922 ክረምት ነው። የተሳሳተው 1926 ብሎ የጻፈው መታወቂያ ነው። ወጣቱ ምልምል አባትህ ማነው ሲባል የመለሰው ያየውን፣ ያጎረሰውን፣ ሲያጠፋ የቆጣውን ሰው ስም ነው። ቅጹ የወለደውንና ያሳደገውን ለይቶ አልጠየቀውም።

ስለዚህ ስሙ ተሰርዞ በሌላ ይተካ የሚለውን ሐሳብ አጥብቄ ተቃወምሁ። አያቴ በሻለቃው ዝርዝር ውስጥ የሚገኘው በዚያ ስም ነው፤ ከተለወጠ ወረቀቱና ዝርዝሩ መተያየት ያቆማሉ። የመረጥነው ሌላ መንገድ ነው፤ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ፍርድ ቤት በምስክር እንዲያረጋግጥ አመለከትን። እንዲህ ያለ ጥያቄ ያለበት ሁሉ ይህን መንገድ ቢከተል እመክራለሁ፤ ምስክሮቹ በሕይወት ሳሉ መሆን አለበት። የዚያ ትውልድ ሰው የልደት የምስክር ወረቀት የለውም፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760 የተደነገገው በ2004 ዓ.ም. ነው። ሽማግሌ ሲጠየቅም «መቼ ተወለደ?» ከማለት «ከአንቺም በፊት ነው በኋላ? ጣሊያን ሲገባ እረኛ ነበር?» ማለት ይሻላል፤ መልሱ ያኔ ይመጣል።

እማሆይ በበቅሎ ተጭነው መጥተው መሰከሩ። የውሳኔው አንድ ግልባጭ ከአገልግሎት መዝገቡ ጋር እንዲያያዝ ገብቷል። ሌላውን ለእማሆይ የልጅ ልጆች ሰጠሁ፤ ኮሪያ ድረስ የሄደው የእነሱ ቅድመ አያት ስም ነውና።